ትንሹ ተቀባይ

ትሩፋት የሰው ቀሚስ እጅጌ እየገጠመች ሳለ ስልኳ ጮኸ። የደወሉት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ናቸው፤ ልጇ የሚውልበት የመካኒሳ አቦው ሕፃናት ማቆያ ባለቤት። ነገር ሳያስረዝሙ «ነይና ውሰጂው» ብለው ዘጉት። በዚህ ወር ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደሰካች ተነሳች። የስፌት ቤቱ ባለቤት ዑስማን የልጅ አባት ነውና ሂጂ አላት፤ ቀሚሱ ለእሁድ ሠርግ መሆኑን ግን ሳያስታውሳት አልቀረም።

ደርሳ ስታይ ልጇ ሚሳኤል ቢሮው ጥግ፣ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዕድሜው ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ነው። ሁለት እጆቹ በሻርፕ ታስረዋል። እስሩ ጠበቅ ያለ አልነበረም፤ ሞግዚቷ እንዳይከረክረው ብላ ለስላሳ ጨርቅ መርጣለታለች። መመረጡ ነው ትሩፋትን ይበልጥ ያንገበገባት።

«ፍየል ነው እንዴ?» አለች እየፈታችው።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ አልተቆጡም። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ለትሩፋት ይቀላት ነበር። ቁጭ አድርገው ረጋ ብለው አስረዷት። ልጁ ራሱን ይመታል። ደረቱን በቡጢ ይደበድባል፣ ከዚያ ሰማይ እስኪቀደድ ይጮኻል። ይህ የሚመጣበት ደግሞ በሌላ ሰዓት አይደለም፤ ማክሰኞና ዓርብ፣ የሙዚቃ ሰዓት ላይ ነው። አሁን አሁን ሁለት ልጆች እሱን መኮረጅ ጀምረዋል። የአንዷ አባት ትናንት መጥቶ ልጄን ምን እያስተማራችሁልኝ ነው ብሎ በሩ ላይ አምባጓሮ አንስቷል።

«እኔ ልጅ ማባረር የምወድ ይመስልሻል?» አሉ። «የሚመጣውን ዓርብ ልየው። ዓርብም እንዲህ ከሆነ ግን፣ ትሩፋትዬ፣ አቅሜ አይደለም።»

ትሩፋት አልለመነችም። ልመና አይሆንላትም። የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ከዚህ በፊት ሁለት ማቆያዎች ልጁን መልሰውታል፤ አንዱ በሳምንቱ፣ አንዱ ገና ከበሩ። ሐኪሙ ጆሮው ደህና ነው፣ ንግግሩ ነው የዘገየው፣ ከልጆች ጋር ይዋል፣ ይስማ፣ ይጫወት ብሏታል። ንግግር ወደሚያክሙ ሰዎች የጻፈላት ወረቀት ወረፋው ገና ነው፤ መቼ እንደሚደርሳት የሚነግራት የለም። ከዚህ ከወጣ የሚውለው እቤት ነው። እቤት ማለት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቤታቸው ነፋስ ስልክ ነው፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ አምስት አባወራ በአንድ ግቢ የሚኖርበት። ባሏ ከበበው ለቡ ላይ ከሚሠራ ፎቅ ወድቆ ሲሞት እሷ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የዚያን ቀን አማቷ እማማ ገዲሴ ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፈኑት፤ ነጠላው እስከ ዛሬ አልተነሳም። ጎረቤቱም ሐዘን ያከብራል። ሬዲዮ የሚከፍት ሰው ድምፁን ቀንሶ ነው የሚከፍተው። የግቢው ልጆች ዘፈን ሲጀምሩ እናቶቻቸው በዓይን ይቆነጥጧቸዋል። ሙት ዓመቱ ከወጣ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። እማማ ገዲሴ በቃ አላሉም፤ ትሩፋትም በቃኝ አላለችም፤ ጎረቤቱ ደግሞ ከሁለት አንዳቸው እስኪናገሩ ይጠብቃል። ባለቤት የሌለውን ዝምታ ማን ደፍሮ ያነሳዋል?

ሚሳኤል ሲወለድ እልል ያለለት አልነበረም። እሹሩሩ ያለውም የለም። ትሩፋት ታጠባዋለች፣ ታጥበዋለች፣ አዝላ ትወዘውዘዋለች፤ ይህን ሁሉ የምታደርገው አፏን ዘግታ ነው።

ድምፅ አጥታ ግን አይደለም። ድምፅማ ሞልቷት! ትሩፋት ሙሾ አውራጅ ናት። ደብረ ማርቆስ የቀሩት እናቷ አውራጅ ነበሩ፤ የእናቷም እናት እንዲሁ። ለቅሶ ቤት ድንኳን መሐል ቆማ ሟቹን በግጥም ታነሳለች፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ይቀበሏታል። ዛሬ ዛሬ ወጣቱ በመዝሙር ነው የሚሸኘው፤ ቄሶቹም ደረት መምታቱን ይገሥጻሉ። ቢሆንም የባላገር ደም ያለበት ቤት ሰው ሲሞት «ትሩፋትን ጥሯት» ይባላል። ሥራዋን ታውቃለች። ዝም ብላ ገብታ አትጮኽም። አስቀድማ የሟቹን እህት ወይ ሚስት ለብቻ ትይዝና ምን ይወድ ነበር፣ ምን ያስቀው ነበር፣ እጁ ምን ላይ ይውል ነበር እያለች ትጠይቃለች። ባለፈው የታክሲ ሾፌር ሞቶ እንዲህ አለችለት፤

ታክሲው ቆሞ ዋለ መሪው ቀዘቀዘ፣
ወራጅ አለ ሲሉት እሱ ግን ተጓዘ።

ድንኳኑ ተናወጠ። ረዳቱ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሚሳኤል ያን ጊዜ ጀርባዋ ላይ ነበር። ሁልጊዜም እዚያው ነው፤ እማማ ገዲሴም ለቅሶ አይቀሩምና ትታው የምትሄድበት ሰው የላትም። ወጥቶላት፣ አምሮላት ስትመለስ እንኳ ልጁ በጀርባዋ ንቁ ሆኖ፣ ጉንጩን ትከሻዋ ላይ አስደግፎ ታገኘዋለች። እንቅልፍ የማይወድ ልጅ ነው ብላ አልፋዋለች።

የዚያን ዕለት ከማቆያው ወጥታ ጥቂት እንደሄደች አንዲት ልጅ ከኋላ እየሮጠች ደረሰችባት። ጂንስ የለበሰች፣ ከበሮ በጀርባዋ ያንጠለጠለች፣ ቀጭን ልጅ። ጸደንያ እንደምትባል፣ በሳምንት ሁለቴ እየመጣች ልጆቹን በሙዚቃ የምትረዳው እሷ እንደሆነች ነገረቻት። ትሩፋት ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ልጄን የሚያስጮኸው ጉድ አንቺ ነሽ ማለት ነው ልትላት ነበር፤ የልጅቷ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ማለቱ አሳዘናትና ዋጠችው።

ጸደንያ እጁን እንዲያስሩት እንዳልፈቀደች፣ እሷ እቃ ልታነሳ ወጣ ስትል ሞግዚቷ ቀድማ እንዳሰረችው ተናገረች። ቀጥላ እቤት ውስጥ ምን እንደሚዘፈንለት ጠየቀች።

«እቤቴ ሐዘን ነው» አለች ትሩፋት።

«ይቅርታ፣ የሚሳኤል እናት። መቼ ነው?»

«አራት ዓመት ሊሆነው ነው።»

ጸደንያ ሐዘንሽ ረዘመ አላለችም፤ የሚባለውን ሁሉ አላለችም። ማክሰኞ መጥተሽ ጥግ ላይ ተቀመጪ፣ ምንም አትሥሪ፣ እዪው ብቻ አለቻት። እኔ በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው የማየው፣ አንቺ የማላውቀውን ታውቂያለሽ አለቻት። ያቺን የመጨረሻዋን ነገር ባትጨምር ኖሮ ትሩፋት አትሄድም ነበር። ኩራተኛ ሰው ታውቂያለሽ ሲሉት ይሄዳል።

ማክሰኞ ከዑስማን ግማሽ ቀን ለምና ሄደች። እንዳልነው ልመና አይሆንላትም፤ ስለዚህ እሁድን ስትሰፋ ልትውል ቃል ገብታ ነው ያገኘችው። ክፍሉ ጥግ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ስምንት ልጆች በክብ ተቀምጠዋል። ጸደንያ ከበሮውን መሐል አድርጋ የእያንዳንዱን ልጅ ስም በዜማ ትጠራለች፤ የተጠራው ተነስቶ ከበሮውን ይመታና ይመለሳል። የሚሳኤልንም ስም ጠራች። እሱ መስኮቱ ስር ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል። ከበሮው የእሱን ተራ ያህል ጠብቆ አለፈ። ያን መጠበቅ ትሩፋት ወደደችው፤ ለማንም ባትናገርም።

ከዚያ የጭብጨባ ዘፈን ተጀመረ። ፈጣን ነው፤ ልጆቹ ይዘላሉ፣ ይስቃሉ። ሚሳኤል ዞረ። እጆቹ ተነሱ። አንድ ጊዜ ደረቱን መታ፣ ደገመ፣ ዘፈኑ አመለጠው፣ ሊደርስበት ቸኮለ፣ መዳፉ ቡጢ ሆነ፣ ፊቱ ተጨማደደ፣ ጮኸ። ሞግዚቷ ሻርፗን ከአንገቷ እየፈታች ተነሳች። ጸደንያ በእጇ አስቆመቻት። ጭብጨባውን አቋረጠችና ክራሯን አነሳች። ቀስ ያለ ነገር ጀመረች፤ ተጎትቶ ተጎትቶ መጨረሻው ላይ የሚወድቅ ዜማ።

ልጁ ጩኸቱን ተወ። ቡጢው ተፈታ። ቀኝ መዳፉ ደረቱ ላይ አረፈ፣ ከዚያ ግራው፣ ከዚያ ቀኙ። ክራሩ ወርዶ ሲያርፍ እሱም ጠበቀ። ደግሞ ሲነሳ አብሮ ተነሳ። ጉልበቱን ሸብረክ፣ ትከሻውን ዘመም፣ አንገቱን ወደ ጎን።

ትሩፋት ያን ሸብረክ ማለት ታውቀዋለች። የት እንዳየችው ማሰብ አላስፈለጋትም። ድንኳን ውስጥ አሮጊቶቹ እንዲያ ነው የሚያደርጉት፤ አውራጇ ስንኟን ጨርሳ ስትጥልላቸው፣ ከመቀበላቸው በፊት እንዲያ ሸብረክ ይላሉ። አውራጇ ደግሞ እሷ ናት። ልጁ ከጀርባዋ ሆኖ ከትከሻዋ በላይ ያየው ይህንን ነው። እሱ በሚያውቀው ዓለም ሰው ዜማ የሚያወጣው፣ ሰውም ተሰብስቦ የሚመልሰው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው።

ሞግዚቷ አሁንም እጁን ልትይዝ ተጠጋች።

«ተዪው» አለች ትሩፋት። «ራሱን እየመታ አይደለም።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ታዲያ ምን እያደረገ ነው?»

«እየተቀበለ ነው።»

«ምኑን?»

ትሩፋት ምንጣፉን አየች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አንገቷን የደፋችበት ጊዜ የለም። «ሙሾውን» አለች።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ አማተቡ። ሞግዚቷ ልጆቹን ሰብስባ ወደ ግቢው ይዛቸው ወጣች፤ የሚተላለፍ በሽታ የሰማች ትመስል ነበር። ጸደንያ ብቻ ፊቷ በራ። የፊቷ መብራት ትሩፋትን አናደዳት።

ልጅቷ ግን ዝም አላለችም። ይሰማል ማለት ነው አለች፤ ሰምቶ ተራውን ይጠብቃል፣ በተራው ይመልሳል። ቃል ከመምጣቱ በፊት ተራ ይመጣል፤ አንቺ ትይ፣ እሱ ይል፣ አንቺ ትይ። ብዙዎቹን ልጆች ያን ለማስተማር ወራት ይፈጅባታል፤ እሱ ይዞት መጥቷል። የሚጮኸው የፈጣኑ ዘፈን ተራ የቱ ጋ እንደሆነ ጠፍቶበት ነው። ጸደንያ ሐኪም እንዳልሆነች፣ ልጁ ነገ ይናገራል ብላ እንደማትምል ጨመረች። ከዚያ ነው የማይባለውን ያለችው።

«አንቺ አውርጂለት። እሱ በሚያውቀው ዜማ እንግባለት፤ ከገባን በኋላ ቀስ ብለን ወደ ሌላው እናወጣዋለን።»

«ለቆመ ልጅ?» አለች ትሩፋት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ እናት አለሽ?»

«አለችኝ።»

«እንግዲያው ሂጂና እሷን ጠይቂያት።»

በሕይወት ለቆመ ሰው ሙሾ አይወርድም። ሞት ስሙን ሰምቶ ይመጣል። ትሩፋት ልጅ ሆና ምጣድ ስታጥብ እንኳ ያን ዜማ በአፍንጫዋ ብታንጎራጉር እናቷ በጥፊ ይሏት ነበር። ወይዘሮ ተናኘወርቅም ተማርኩ የሚሉ ሴት ናቸው፣ ግድግዳቸው ላይ የሰርተፊኬት ዓይነት ተደርድሯል፤ እሳቸውም ቢሆኑ በዚህ ግቢ እንዲህ ያለ ነገር አይወርድም፣ የሰው ልጆች ናቸው የያዝኩት አሉ። ደግሞም ዓርብ ዓርብ ናት አሉ።

እቤት ገብታ ለእማማ ገዲሴ ነገረቻቸው። መደበቅ ትችል ነበር፤ ግን ልጁን ማቆያው የሚያደርሱትና የሚመልሱት እሳቸው ናቸው፣ ነገ ከሌላ ሰው ይሰሙታል። አሮጊቷ ሽንኩርት እየላጡ አዳመጧት። ስትጨርስ ቢላዋውን አስቀመጡ።

«በልጄ ላይ አውርደሻል» አሉ። «ደግም አድርገሻል፤ አገር አስለቅሰሽለታል። በልጁ ላይ ግን አታወርጂም።»

የቀረውን ሽንኩርት አልጨረሱትም።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ያ ነገር ከሐሳቧ አልወጣ አለ። ዑስማን ሁለት ጊዜ ክር አበላሽተሻል አላት። እሷ የምታስበው ስለ ሟርቱ አልነበረም፤ ስለ ሌላ ነገር ነው። እሺ፣ ላውርድለት ብላ ብትነሳስ ምን ትለዋለች? ስለማታውቀው የታክሲ ሾፌር ግጥም አልቸገራትም፤ ስለ ነጋዴው፣ ስለ ወታደሩ፣ ስለ ጡረተኛዋ መምህርት ስንኝ ሞልቶ ፈሶላታል። ሁሉንም ጠይቃ ነው ያወቀቻቸው። ስለ ሚሳኤል ማንን ጠይቃ ታውቃለች? ስንት ጫማ እንደሚያደርግ ታውቃለች። የመድኃኒቱን ስም ታውቃለች። የማይናገረውን ቃል ሁሉ ቆጥራ ታውቃለች። የሚወደውን አታውቅም። ይሄ ልጅ ሞቶ ቢሆን ኖሮ እኔ ጎረቤት ጠይቄ ነበር አለች በሆዷ፤ ያሰበችውም ራሱ ሟርት መሆኑ ገብቷት ምላሷን ነከሰች።

ሐሙስ ጠዋት የውሃ ፈረቃቸው ነበር። የግቢው ሰው በባልዲ ተሻማ፤ የአንዱ ሳይሞላ የሌላው ይደቀናል። ትሩፋት ከሥራ በፊት ሁለት ጀሪካን ልትሞላ ወጣች። ሚሳኤል መጥቶ ከጀሪካኑ አጠገብ ቁጢጥ አለ፣ ጆሮውን ፕላስቲኩ ላይ ለጠፈ። ውሃው ሲወርድ መጀመሪያ ወፍራም ነው ድምፁ፤ እየሞላ ሲመጣ ይቀጥናል፣ ይቀጥናል፣ አንገቱ ጋ ሲደርስ ያፏጫል። ያኔ ልጁ ዓይኑን ጨፈነ። ስትዘጋው ገልጦ ወደ ሁለተኛው ጀሪካን ሄደ፤ እዚያም ጆሮውን አስጠጋ። ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ዞር በል እያለች ገፍታዋለች።

እማማ ገዲሴ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር።

«እማማ» አለቻቸው ሳትዞር፣ «ሌላስ ምን ይወዳል?»

«ይሄን ጥያቄ አውቀዋለሁ» አሉ አሮጊቷ። «ለከበበውም እንዲሁ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሬሳው ገና ሳይገባ።»

ውሃው ሞልቶ ፈሰሰ። ትሩፋት ዘግታ ጀሪካኑን ልታነሳ ስትል ከኋላዋ ሰማች፤ አሮጊቷ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስላሉ።

«ሲተኛ ጆሮዬን ይይዛል። ካልያዘ አይተኛም። ተኝቶም አይለቅም፤ እጁን ላወጣ ስል ይነቃል። ምን እንደሚፈልግ እንጃለት።»

ዓርብ ትሩፋት ቀድማ ደረሰች። ለወይዘሮ ተናኘወርቅ በአጭሩ ተናገረች። ሌሎቹን ልጆች ግቢ አውጧቸው፤ ክፍል ውስጥ እኔ፣ ልጄ፣ ይቺ ልጅና እርስዎ ብቻ እንሁን፤ አንድ ጊዜ ነው፤ ካልሆነ እኔው ራሴ ይዤው እሄዳለሁ፣ ዳግመኛም አልመጣብዎትም። ሟርት ከሆነም በእኔ ላይ ይሁን አለች። ሴትዮዋ ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ መስኮቱን ራሳቸው ዘጉት፤ እሺታቸው ያ ነበር።

ጸደንያ ክራሯን በቀስታ ጀመረች። ትሩፋት እንደ ልማዷ መሐል ቆመች። ድንኳን የለም፤ ሰው የለም፤ አንድ ልጅ መስኮት ስር ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሁለት ጊዜ ጀምራ ተወችው። በሦስተኛው ወጣላት።

ውሃው በመጣ ቀን ሰው ሁሉ ሲሻማ፣
ጆሮውን ደቅኖ ልጄ ዜማ ሰማ።

ልጁ ዞረ። የእናቱን ፊት እያየ ሙሾ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያውቀው ማጅራቷን ብቻ ነው። መዳፎቹ ተነሱ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ሸብረክ አለ። ትሩፋት ስንኙን ጥላ ዝም አለች፤ አውራጅ ለተቀባይ የምትተወውን ቦታ ሙሉውን ተወችለት። ክራሩም ቆመ። ልጁ አፉን ከፈተ። የወጣ ነገር የለም።

በዚያ መሐል በሩ ተከፈተ። እማማ ገዲሴ ናቸው። ልጁን ለመውሰድ የሚመጡት እኩለ ቀን ነበር፤ ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። የመጡበትን ትሩፋት ከአረማመዳቸው አወቀች። ልጁን ከእጇ ሊነጥቁ ነው የመጡት። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ሚሳኤል ሁለት እርምጃ ሄዱ።

ትሩፋት ብታቆም ኖሮ ያኔ ነበር የምታቆመው። ድምፅዋ ተሰነጠቀ፣ ግን አልተወችውም። ዓይኗን ከአሮጊቷ ላይ ሳትነቅል ሁለተኛውን አወረደች፤

ሲተኛ አይለቅም የአያቱን ጆሮ፣
እስቲ ጠይቁልኝ ምን ሊል ጀማምሮ።

እማማ ገዲሴ እግራቸው ተያዘ። እጃቸው ሳያዙት ወደ ጆሮአቸው ሄደ። ከውጭ የልጆቹ ጫጫታ ብቻ ይሰማል። ሚሳኤል አያቱን አየ፣ እናቱን አየ። መዳፉን ደረቱ ላይ አሳረፈና፣ በጎርናና፣ በደንብ ባልተፈታ ድምፅ፣

«ዋይ» አለ።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ በስመ አብ ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ጸደንያ ክራሩን ታቅፋ ደርቃ ቀረች። ትሩፋት መሬት ላይ ተቀመጠች። ልጇ በሕይወቱ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል የለቅሶ ቃል ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ስትጠብቀው የነበረው ይሄንን ነው? አልቅሺ ቢሏት ታለቅስ ነበር፣ ሳቂ ቢሏትም እንዲሁ።

ቀድመው የተንቀሳቀሱት እማማ ገዲሴ ናቸው። ልጁ ፊት ቁጢጥ አሉ፤ ጉልበታቸው ጮኸ። ፊታቸው የተቆጣ ይመስል ነበር።

«ዋይ አይባልም» አሉት። «እሰይ ነው የሚባለው። በል፣ እሰይ።»

«ዋይ» አለ ሚሳኤል፣ አሁን ጠንከር አድርጎ።

«እሰይ!»

«ዋይ።»

«እሰይ ነው የምልህ፣ ግትር! እንዳባትህ።» አሮጊቷ ደረታቸውን ቀስ ብለው መቱ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ከዚያ እንደ ተቀባይ ጠበቁ። ልጁ የሳቸውን እጅ አየና የራሱን አነሳ። ጸደንያ ጣቶቿ መለስ አሉላት፤ ክራሩን ከሁለቱ ሥር አስገባችው፣ እንዳይሰሙት ያህል ቀስ አድርጋ። ዋይ፣ እሰይ፣ ዋይ፣ እሰይ። አንዱም ለሌላው አልለቀቀም።

ትሩፋት ከተቀመጠችበት ሦስተኛ ስንኝ ልታወርድ አፏን ከፍታ ነበር። ማንም አውራጅ የፈለገ አልመሰላትምና መልሳ ዘጋችው።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ መስኮቱን ሊከፍቱ ሄዱ። መስኮቱ አልከፍት ብሏቸው ሲታገሉ ቆዩ፤ ፊታቸውንም ወደዚህ ሳያዞሩ ነበር የተናገሩት።

«ማክሰኞ እስክታመጪው አያትየው ያንን እሰይ እንዲያስለምዱት ንገሪያቸው። እስከዚያ እኔ ለዚያ በር ላይ አምባጓሮ ላነሳው አባት የምለውን ልፈልግ።»

«ማክሰኞ ነው ያሉኝ?» አለች ትሩፋት።

«ማክሰኞ» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ፤ መስኮቱም ተከፈተላቸው።